በላስ ቬጋስ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት፦ የትኛው ዋና መንገድ ዳር ይሻላችኋል?

ላስ ቬጋስ አዲስ የሚገባ ወገን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኪራይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ይጠይቅ፤ የሚወስነው ኪስ ነው። እኔ ግን ከዋጋው እኩል አንድ ጥያቄ ይጨመር ባይ ነኝ፦ ቤቱ የትኛው ዋና መንገድ ዳር ነው? እዚህ ከተማ ኪራያቸው እኩል፣ ውስጣቸውም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች በኑሮ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ከአንዱ ወጥታችሁ በአንድ ባስ ሥራ ትገባላችሁ። ከሌላው ሁለት ባስ ትቀያይራላችሁ፤ ወይም ሳትዘጋጁ መኪና ለመግዛት ትገደዳላችሁ። መኪናው ደግሞ ኢንሹራንሱን ይዞ ይመጣል፤ የኔቫዳ ኢንሹራንስ ቀላል አይደለም።

ነገሩ የሚመነጨው ከከተማዋ አሠራር ነው። ክላርክ ካውንቲ በ1990 ቆጠራ 741 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው። በ2020 ከ2.26 ሚሊዮን አልፏል። በዚህ ፍጥነት በረሃ ላይ የተስፋፋችው ከተማ በየማይሉ አንድ ሰፊ መንገድ እየተሰመረላት ነው ያደገችው። ከዲኬተር እስከ ጆንስ 1 ማይል፣ ከጆንስ እስከ ሬይንቦ 1 ማይል፣ ከፍላሚንጎ እስከ ትሮፒካና 1 ማይል ነው። በመካከላቸው ያሉት ሰፈሮች በብሎኬት አጥር የታጠሩ ናቸው፤ የውስጥ መንገዶቻቸው እርስ በርስ የሚገናኙት ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ መኪናው፣ ባሱም፣ እግረኛውም ተጠራቅሞ እነዚያ ሰፋፊ መንገዶች ላይ ይወጣል። ኑሯችሁ የሚታሰረው ከበራችሁ ፊት ካለው መንገድ ጋር ነው።

ከዚህ በታች የማወዳድረው አምስት መንገዶችን ነው፦ ፍላሚንጎ፣ ትሮፒካና፣ ዲኬተር፣ ሬይንቦ እና ሜሪላንድ ፓርክዌይ። ሌሎችም አሉ። የእኛ ሰው ሲከራይ ደጋግሞ የሚያነሳቸው ግን እነዚህ ስለሆኑ በእነሱ ልወሰን።

መጀመሪያ መመዘኛው

*አይ-15ን መሻገር።* ስትሪፕ በሚባለው፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎችና ሆቴሎች በተደረደሩበት ጎዳና ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። አይ-15 ፍሪዌይ ከስትሪፕ በስተምዕራብ ተጠግቶ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያልፋል። የእኛ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ያለው ከፍሪዌዩ ማዶ ነው። መሻገሪያዎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ሳሃራ፣ ስፕሪንግ ማውንቴን፣ ፍላሚንጎ፣ ትሮፒካና፣ ረስል ሁሉም መሻገሪያ ናቸው፤ ሁሉም ግን ወደ ፍሪዌዩ መግቢያና መውጫ ስላላቸው ይጨናነቃሉ። ዴዘርት ኢን ግን የተለየ ነው። ከአይ-15 ጋር አይገናኝም፤ በላዩ አልፎ ስትሪፕን ደግሞ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመሻገር እሱን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቤታችሁ የሚወጣበት መንገድ በቀጥታ የሚያሻግር ከሆነ በየቀኑ ጊዜ ታተርፋላችሁ። ካልሆነ መጀመሪያ ወደ አንዱ መሻገሪያ መታጠፍ አለባችሁ።

*የሌሊት ባስ።* ካዚኖ 24 ሰዓት ይሠራል። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስዊንግ (የማታ) ወይም ግሬቭያርድ (የሌሊት) ሺፍት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው ቀን ላይ ባሱ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው የሌሊቱ ነው። አርቲሲ የሚባለው የከተማው ትራንስፖርት የ30 ቀን ፓስ ይሸጣል። መስመሩ ሌሊት ከቆመ ግን ፓሱ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ የምትከፍሉት ለኡበር ነው።

*የጊቢው በር የት ነው?* ይህን ብዙ ሰው አያየውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድታዩት የምለምናችሁ ነገር ነው። የላስ ቬጋስ አፓርትመንቶች በግንብ የታጠሩ፣ አንድ ወይም ሁለት በር ብቻ ያላቸው ናቸው። ካርታ ላይ ባስ ማቆሚያው ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት ሥር ሊመስል ይችላል። በእግር ሲሄዱት ግን ግንቡን ዞሮ፣ ፓርኪንጉን አቋርጦ፣ በሌላ ጎዳና ወጥቶ ነው። አንዳንድ ጊቢ ወደ ዋናው መንገድ የምታወጣ ትንሽ የእግረኛ በር አላት፤ ኮድ ወይም ቁልፍ ያስፈልጋታል። በሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም ጠይቁ። ገፋ አድርጋችሁ እዩት። በብየዳ የተዘጋ፣ ወይም ቁልፉ ለተከራይ የማይሰጥ በር ያጋጥማል።

ለመኪና ባለቤትም ያው ነው። ዋና መንገዶቹ ብዙ ቦታ መሐላቸው ላይ ከፍ ያለ አካፋይ አላቸው። ከጊቢያችሁ ስትወጡ ወደ ቀኝ ብቻ መታጠፍ ከተፈቀደላችሁ፣ ሥራችሁ ደግሞ በግራ በኩል ከሆነ፣ በየማለዳው ወደ ማትፈልጉት አቅጣጫ ሄዳችሁ መብራት ላይ ዩ-ተርን መሥራት ነው። ቤት የሚያሳያችሁ ሠራተኛ ይህን አይነግራችሁም።

*ሙቀትና ጥላ።* ጁላይ 7 ቀን 2024 አየር ማረፊያው ላይ 120 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቧል፤ 49 ሴልሺየስ ገደማ መሆኑ ነው፣ ከተማዋ ከዚያ በፊት ያላየችው። በእንዲህ ያለ ቀን አስር ደቂቃ ባስ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ማቆሚያዎቹን አስተውሉ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የመጠለያው ጥላ ወንበሩን ትቶ ከኋላው አስፋልት ላይ ይወድቃል። ሰዎቹ ከብረቱ ወንበር ተነሥተው፣ ቀጭኗን ጥላ ተከትለው፣ በምሰሶው ልክ በሰልፍ ቆመው ታያላችሁ። አንዳንዱ ማቆሚያ ደግሞ ምሰሶና ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ «ባስ አለ» አይበቃም። በምትወጡበት ሰዓት ጥላ አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

*ማኅበራዊ ኑሮ።* እንጀራው፣ ሥጋው፣ ቡናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ልጅ የሚይዝላችሁ ጎረቤት። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አልቆጥረውም። አዲስ ለመጣ ሰው ሥራም፣ ቤትም፣ የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ምክርም የሚገኘው እዚያ ነው።

*ግንባታና ጎርፍ።* ሁለቱንም መንገዶቹን ሳነሳ እመጣባቸዋለሁ።

ፍላሚንጎ

መኪና የሌለው የስትሪፕ ሠራተኛ ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ ፍላሚንጎ። 202 ቁጥር ባስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይመላለሳል፣ ሌሊቱንም ይሠራል። ፓልምስን፣ ጎልድ ኮስትንና ሪዮን የመሳሰሉ ካዚኖዎችን አልፎ ቤላጂዮና ሲዘርስ ያሉበት መስቀለኛ ላይ ያወርዳችኋል። ባስ ሳትቀይሩ የሥራ በር ላይ ማለት ይቻላል። መንገዱ ላይ ለባስና ለብስክሌት የተለየ ሌይን የተሠራለት ክፍል ስላለ መኪና ሲጨናነቅ ባሱ ትንሽ ይሻላል።

ጉዳቱም አለው። ጫጫታው ከባድ ነው፤ ወደ መንገዱ የዞረ ክፍል ቀን ተኝቶ ሌሊት ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ከጊቢው ወደ ውስጥ ያለውን ዩኒት ጠይቁ። ከ2023 ጀምሮ በየኖቬምበሩ የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ሲመጣ ስትሪፕና ዙሪያው ይዘጋጋል፤ ኮቫል መንገድ ላይ ለፍላሚንጎ ጊዜያዊ ድልድይ እስከመሥራት ተደርሷል። እነዚያን ሳምንታት ከቤት ቀደም ብሎ መውጣት ግዴታ ነው።

ጎርፉንም አትናቁት። በረሃ ነው ብሎ ጎርፍ የማያስብ ሰው አለ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ሞንሱን የሚባለው ዝናብ ሲጥል ደረቁ መሬት ውኃውን አይመጠውም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦዮቹ ይወርዳል። ፍላሚንጎ ዋሽ የሚባለው ቦይ ከምዕራብ ተነሥቶ በስትሪፕ ሥር ያልፋል፣ ሊንክ ሆቴል አጠገብም በተደጋጋሚ ሞልቶ ፈስሷል። ዋሽ አጠገብ ያለ አፓርትመንት ምድር ቤት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የጎርፍ ካርታውን እዩ፤ የካውንቲው የጎርፍ መቆጣጠሪያ ድርጅት በነፃ ያሳያል።

ትሮፒካና

ትሮፒካና የፍላሚንጎ ወንድም ነው፣ በ1 ማይል ደቡብ። 201 ቁጥር ባስ ሌሊትም ይሠራል፤ ኤምጂኤም ግራንድ፣ ኒውዮርክ ኒውዮርክና ኤክስካሊበር ያሉበት ማዕዘን ያደርሳል። ከዚያ አልፎ የዩኒቨርሲቲውን፣ የዩኤንኤልቪን፣ ደቡብ ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ኦርሊንስ ካዚኖም እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ለአየር ማረፊያ ሠራተኛ ከፍላሚንጎ ይልቅ ይሄኛው ይቀርባል።

ለዓመታት ያስመረረው የአይ-15 መጋጠሚያ ግንባታ ከ2022 እስከ 2025 ዘልቆ አልቋል። አሁን ማለፊያው ሰፍቷል። ነገር ግን ሌላ ግንባታ ተተክቷል። ድሮ የነበረው ትሮፒካና ሆቴል በኦክቶበር 2024 ፈርሶ ቦታው ላይ የኤይስ ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም እየተሠራ ነው፤ በ2028 ይከፈታል ተብሎ ታቅዷል። 33 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሲከፈት በጨዋታ ቀን ያ መስቀለኛ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የአንድ ዓመት ሊዝ የሚፈርም ሰው ገና አይነካው ይሆናል። ቤት የሚገዛ ሰው ግን ያስብበት።

ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ የአውሮፕላን ድምፅ ይጨምራል። የአየር ማረፊያው አጥር መንገዱን ተጠግቶ ነው ያለው። ኪራዩ ረከስ ያለ ቤት ካገኛችሁ አንድ ሰዓት ጊቢው ውስጥ ቆማችሁ አዳምጡ።

ዲኬተር

ዲኬተር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ነው፤ ስትሪፕን አይነካም። 103 ቁጥር ባስ ይሠራበታል። ስትሪፕ ለመድረስ ግን ፍላሚንጎ ወይም ትሮፒካና ላይ ወርዶ መቀየር ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን ሰው ይወደዋል? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። በፍላሚንጎና በትሮፒካና መካከል፣ ዲኬተርና ዙሪያው፣ ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በይፋ የሰየመው ሰፈር ነው። ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ካፌው፣ ታክስ የሚሠራው፣ ፀጉር ቤቱ እዚህ ነው። ከግሬቭያርድ ወጥቶ ማለዳ ፉል የሚበላ የታክሲ ሹፌር፣ አዲስ ከመጣ ዘመድ ጋር ተቀምጦ ፎርም የሚሞላ ሰው፣ ሐሙስ ማታ ጥሬ ሥጋ የሚያዝ ቡድን እዚህ ታገኛላችሁ። ያ ስያሜ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሌሊት እየነዱ ቀን ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ልፋት ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ እኮራለሁ፣ አንባቢውም ገንዘቡን እዚያ ሲያጠፋ ደስ ይለኛል።

ሰፈሩን መውደድ ግን አንድ ነገር ነው፤ ዲኬተር ላይ መከራየት ሌላ ነው። ከፍላሚንጎ ወይም ከትሮፒካና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን አካባቢ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ቤት ካገኛችሁ ሁለቱንም አገኛችሁ ማለት ነው፦ ሰፈሩንም፣ የሌሊት ባሱንም። ከሁለቱ መሐል፣ ግማሽ ማይል ገባ ብሎ ከሆነ ግን ሌሊት ላይ ያ ግማሽ ማይል በእግራችሁ ነው። የዲኬተርን የሌሊት ሰዓት ራይድ አርቲሲ በሚባለው መተግበሪያ ራሳችሁ እዩት፤ በሰው ወሬ አትወስኑ።

መኪና ላለው ሰው ዲኬተር ጥሩ ነው። በደቡብ በኩል ከ215 ፍሪዌይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በመሬት ውስጥ በሚያልፈው መንገድ አየር ማረፊያ ትገባላችሁ፣ ስትሪፕን ሳታዩ። ታክሲና ኡበር ለሚሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሬይንቦ

ከዲኬተር 2 ማይል ወደ ምዕራብ ነው። 101 ቁጥር ባስ አለው፤ እንደ ዲኬተር ሁሉ ወደ ስትሪፕ መቀየር ያስፈልጋል፣ መንገዱም ይረዝማል። በሰሜን ከ95 ፍሪዌይ፣ በደቡብ ከ215 ጋር ይገናኛል። ወደ ደቡብ ምዕራብ እየወረዳችሁ ስትሄዱ አዳዲስ አፓርትመንቶች ይበዛሉ። ኪራያቸው ከፍ ይላል፤ መስኮቱና ኤሲው ግን አዲስ ስለሆነ የሰመር መብራት ሒሳብ ሊቀል ይችላል። ልጆች ላሏቸውና ሁለት መኪና ለያዙ ቤተሰቦች የሚመች ነው። መኪና ለሌለው አልመክርም።

ሜሪላንድ ፓርክዌይ

ከስትሪፕ በስተምሥራቅ ያለ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የአይ-15 ጣጣ የለበትም። 109 ቁጥር ባስ ሌሊትም ይሠራል። ዩኤንኤልቪና ሰንራይዝ ሆስፒታል እዚሁ መስመር ላይ ናቸው። ተማሪ፣ ነርስ ወይም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ከሆናችሁ በጣም ይቀርባችኋል፤ ኪራዩም ከምዕራቡ ረከስ ይላል።

አሁን ያለው ችግር ግንባታ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ፈጣን የባስ መስመር እየተሠራበት ነው፤ ሌይን ይዘጋል፣ ማቆሚያ ይዛወራል። ሲያልቅ ከአምስቱ ምርጡ የባስ መንገድ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከሀበሻ ሱቆቹ ግን ራቅ ያለ ነው። የሕንፃዎቹ ዕድሜም ስለሚለያይ ጊቢውን ሌሊት ሳታዩ አትፈርሙ።

በአንድ ዕይታ

| መንገድ | ወደ ስትሪፕ | የሌሊት ባስ | ፍሪዌይ | የሀበሻ ሰፈር | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍላሚንጎ | በአንድ ባስ (202) | አለ | አይ-15 | ዲኬተር ጋ ሲደርስ ቅርብ | ጫጫታ፣ ጎርፍ፣ ኖቬምበር |
| ትሮፒካና | በአንድ ባስ (201) | አለ | አይ-15 | ዲኬተር ጋ ሲደርስ ቅርብ | ስታዲየም፣ የአውሮፕላን ድምፅ |
| ዲኬተር | ቀይሮ (103) | መተግበሪያው ላይ ይታይ | 95፣ 215 | እዚያው | ከማዕዘን ከራቀ የእግር መንገድ |
| ሬይንቦ | ቀይሮ፣ ይረዝማል (101) | መተግበሪያው ላይ ይታይ | 95፣ 215 | በመኪና ቅርብ | ኪራይ፣ ርቀት |
| ሜሪላንድ | ከስትሪፕ ምሥራቅ፣ ቀይሮ (109) | አለ | የለም፣ በሌላ መንገድ | ሩቅ | ግንባታ |

ለማን የቱ?

ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ መኪና ከሌላችሁ፣ ካዚኖ ወይም ሆቴል የምትሠሩ ከሆነ፦ ፍላሚንጎና ዲኬተር የሚገናኙበት ዙሪያ። ከዚያ ባይገኝ ትሮፒካናና ዲኬተር። ለዚህ ማዕዘን ብላችሁ ኪራይ ላይ ትንሽ ብትጨምሩም አይቆጫችሁም፤ የመኪና ክፍያ፣ ኢንሹራንስና ጥገና አንድ ላይ ከጭማሪው ይበልጣል።

ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ከሆነ ባሱን እርሱት። ከ215 ብዙ ያልራቀ የዲኬተር ወይም የሬይንቦ ደቡብ ክፍል ይሻላችኋል። ኢንሹራንስ በዚፕ ኮድ ስለሚለያይ ከመፈረማችሁ በፊት በአዲሱ አድራሻ ዋጋ ጠይቁ። ጥቂት ብሎክ ፈቀቅ ማለት ወርኃዊ ክፍያውን ሊለውጠው ይችላል።

ልጅ ያላችሁ፦ ትምህርት ቤቱ የሚወሰነው በአድራሻ ነው። የአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያየ ትምህርት ቤት ሊመደብ ይችላል። የክላርክ ካውንቲ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ እዩ። ሌላው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስድስት ሌይን መሻገር ካለበት ያ ቤት ይቅርባችሁ። መኪናዎቹ ብዙ ቦታ በ45 ማይል ነው የሚበሩት፣ መብራት ያለው መሻገሪያ ደግሞ ሊርቅ ይችላል።

በጀታችሁ ጠባብ ሆኖ ጤና ሙያ የምትማሩ ከሆነ ሜሪላንድን እዩ። ግንባታውን ቻል ካደረጋችሁት ቀሪው ይመቻል።

ወላጆቻችሁን ከኢትዮጵያ ያመጣችሁ ከሆነ ምክሬ ከሁሉም ይለያል። እማማና አባባ አይነዱም። አዲስ፣ የሚያምር፣ ራቅ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ብታስገቧቸው እናንተ ሥራ ስትሄዱ በአራት ግድግዳ መሐል ነው የሚውሉት። ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም ሱቅ ደርሰው፣ ሰው አግኝተው የሚመለሱበት ቦታ ፈልጉላቸው። ዲኬተር ዙሪያ፣ ያረጀ ቢሆንም፣ ለእነሱ ይሻላል። ምድር ቤትና ደረጃ የሌለው ይሁን፤ ኤሲው መሥራቱን ራሳችሁ አብርታችሁ አረጋግጡ።

የመረጣችሁትን ቤት ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጠና፣ አንዴ ደግሞ ከሥራ በምትወጡበት ሰዓት። ሁለተኛውን ጊዜ በመኪና አትሂዱ። ባሱን ይዛችሁ ውረዱ፣ ከማቆሚያው እስከ በሩ በእግራችሁ ሂዱ፣ የእግረኛውን በር ኮድ ሞክሩ፣ የጊቢው መብራት መብራቱን እዩ። የደረጃው መብራት ከጠፋ በማግስቱ ለማኔጀሩ ንገሩትና ምን እንደሚል ስሙ፤ ሳትፈርሙ ካልጠገነላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ አይጠግነውም።